ለፋናዬ መርዶ የነገርኩበት ምግብ ቤት

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ሀብተ ወልድ፣

ከሐዘኑ ወዲህ እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? አባባ እህል መቅመስ ጀመረ ወይስ አሁንም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚውለው? ባለቤትህ እማዋይሽ ለቀስተኛውን ስታስተናግድ ወገቧ ተቆርጦ ይሆናል፤ እግዚአብሔር ያበርታት። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ፋናዬም በአካል ደህና ናት።

ያዘዝከኝን ፈጽሜያለሁ። የእናታችንን ማረፍ በስልክ ስትነግረኝ፣ ታናሽ እህታችንን እህል ሳላቀምሳት እንዳልነግራት አደራ ብለኸኝ ነበር። እንዴት እንዳደረግሁት ግን ልንገርህ፤ ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

እኔ ማንጋፍ ውስጥ በኩባንያ ጽዳት ስለምሠራ ዓርብ የራሴ ነው። ፋናዬ ግን ሩማይሲያ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ናት፤ አሠሪዋ ማዳም የምትሰጣት የሁለት ሰዓት ፈቃድ ብቻ ነው፣ እሱም ከሰፈሩ ሳትርቅ። ከእሷ በፊት እዚያው ቤት ትሠራ የነበረች ያገራችን ልጅ የአባቷን ሞት ሰምታ ወጥ ቤት ወለል ላይ ወድቃ ጮኸች። ማዳም አብዳለች ብላ በማግስቱ ወደ መክተብ፣ ወደ አስቀጣሪዎቹ ቢሮ መለሰቻት። ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም። ፋናዬም እንደዚያች ልጅ እንዳትሆንብኝ ፈራሁ።

ከማዳም ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ አንድ የታይላንድ ምግብ ቤት አለ፤ ጠረጴዛው ላስቲክ የለበሰ፣ የሰፈሩ ሰው ልጆቹን ይዞ የሚበላበት ቤት ነው። ፋናዬ ጥግ እንያዝ ስትል እኔ መሀል ያለውን ጠረጴዛ መረጥኩ። ሰው እያያት አትጮህም ብዬ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ ሲነገር ዘመድ የሚሰበሰበው ሐዘንተኛው እንደልቡ እንዲያለቅስ፣ ሲወድቅም የሚይዘው እንዲያገኝ ነበር። እኔ ግን ባዕድ መሀል ያስቀመጥኳት እንዳታለቅስ ነው።

ዓርብ ስለሆነ ሥጋ አይግባበት ብለን ሩዝ፣ አትክልትና ሾርባ አዘዝን። ሾርባው ሽሪምፕ ተንሳፍፎበት መጣ። ፋናዬ ይሄማ የባሕር አንበጣ ነው፣ አንቺ ብዪው፣ ድሮም ጾም ገዳፊ ነሽ ብላ ሳቀችብኝ። የኛን ሚጥሚጣ የሚያስንቅ ትንንሽ ቃሪያ ነበረበት፤ አፍንጫዋን እየጠረገች ሳህኗን ባዶ አደረገችው። እንዲህ ስትበላ ካየኋት ዓመት አልፎኛል። ዛሬስ ልተዋት ይሆን እያልኩ ሳመነታ ሰዓቷ እያለቀ ነው።

ነገርኳት። አልጮኸችም። ማንኪያዋን እንደያዘች እንባዋ ብቻ ወረደ። አስተናጋጁ ቃሪያው ያቃጠላት መስሎት ፈገግ እያለ ውሃና ነጭ ሩዝ አመጣላት፤ ሹክራን ብላ አመሰገነችው። ከዚያ መቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ጥቅምት ሃያ ሦስት፣ ሐሙስ አልኳት። ያን ቀን የማዳም ልጅ ሰርግ እንደነበር ነገረችኝ። ማዳም እልልታዋን ወድዳላት፣ እንግዳ በገባ ቁጥር ታስጠራት ስለነበር፣ ድምጿ እስኪዘጋ እልል ስትል ነው የዋለችው። ይህን ስትነግረኝ ቀና ብላ አላየችኝም።

ፊቷን ታጠበች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ በሰዓቷ መለስኳት። ማዳም ራሷ በሩን ከፈተችልን፤ ፋናዬም ሐዲር ማዳም፣ እሺ ማዳም ብላ ገባች።

ወንድሜ፣ ሐሳቤ ተሳካልኝ፤ ሥራዋ አልተነካም። ግን ጥፋት ያጠፋሁ ይመስለኛል። ትናንት በስልክ ሳገኛት ስለ ልብስ ተኩስና ስለ ማዳም ልጆች አወራችኝ፣ የእናታችንን ስም ግን አላነሳችም። እኔ ሳነሳባት ሥራ አለብኝ ብላ ዘጋችው። ይህ ዝምታዋ ከጩኸት ይበልጥ ያስፈራኛል። እባክህ አንድ ነገር አድርግላት።

ይህን ደብዳቤ የያዘችልኝ ወዳገር የምትገባ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ከአርባው በፊት እንደሚደርስህ ተስፋ አለኝ። የአባባን ጉልበት ሳምልኝ። እማዋይሽን እግዚአብሔር ያጽናሽ በልልኝ። ልጆችህን ዋሴንና ታናሽ እህቱን ዓይን ዓይናቸውን ሳምልኝ። ከእናንተ ጋር ላለቀሱት ጎረቤቶቻችን ሁሉ ምስጋናዬን አድርስልኝ። አክስታችን ጌጤነሽን ደግሞ አደራ በላት፤ በአርባው ዕለት ሙሾ ስታወርድ አንዱን በፋናዬ ስም ታውርድላት፣ በፋናዬ ስም ደረቷን ትምታላት፣ ትጩህላት። እህታችን እዚህ የምትጮህበት ቦታ የላትም።

እህትህ ጽጌረዳ

ማንጋፍ፣ ኩዌት
ኅዳር ፳ ቀን ፲፱፻፺፱ ዓ.ም.