ሳይንስ አይደለም ያልኩ ቀን

ጥቅምት 9፣ 1975
ጎንደር ዛሬም ብርድ። ሁለት ክፍል አስተማርኩ። ከሰዓት ቢያዝን ስሌቱን ይዞ ቢሮዬ መጣ። ሁለታችንም እዚሁ ኮሌጅ ፊዚክስ እናስተምራለን፤ እሱ ግን ከማስተማር ያለፈ ይሠራል። ስለ ቅንጣቶች እስከ ዛሬ የምናውቀው ንድፈ ሐሳብ አልበቃ ብሎታል። ከዚያ ወዲያ አለ የሚለው እውነት ከሆነ፣ ፕሮቶን ራሱ አንድ ቀን ይፈርሳል። የሁሉ ነገር መሠረት! ስንት ዘመን ቆይቶ? እሱን ነው የሚያሰላው።
«እስቲ እየው፤ እዚህ ካንተ ሌላ የሚገባው የለም» አለኝ።
በጥር ለምርምር ኢጣልያ ይሄዳል። እኔም አመልክቼ ነበር...

ጥቅምት 14
ስህተት ፈለግኩ። አጣሁ። ሸጋ ሥራ ነው። ምነው ታዲያ ደስ አላለኝ?

ጥቅምት 20
ምን አደረግኩ?
የውይይት ክበብ ነበር። የኮሌጁ ካድሬ፣ ጓድ ካሣዬ፣ ተነሣ። «ቁስ አካል ዘላለማዊ ነው እያልን፣ መምህር ቢያዝን ለተማሪ ይጠፋል ይላል። ጓድ አስማረ፣ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ አንተ ነህ። ይሄ ሳይንስ ነው ወይስ የደብር ትምህርት?»
የቢያዝን አባት መሪጌታ መሆናቸውን የማያውቅ የለም።
ቢያዝን ዞሮ አየኝ። ፈገግ ብሎ። እንደምደግፈው አልተጠራጠረም።
«ሳይንስ አይደለም» አልኩ።
ተጨበጨበ።

ጥቅምት 21
ክፍል ገባሁ። ተማሪዎቹን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ኅዳር 6
የቢያዝን የጉዞ ፈቃድ ተሰረዘ። ድብ ባሕር፣ ገጠር ያለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደበ። ሚስቱን እታገኘሁን ዕቃ ስታስጭን አገኘኋት።
«ምነው አስማረ? ምን አደረገህ?»
ፈርቼ ነው ልበላት? ፍርሃት ብቻ ነበር? የኢጣልያው ጉዳይ ባይኖርስ?

ኅዳር 22
በጠዋቱ አውቶቡስ ድብ ባሕር ሄድኩ። ቢያዝን አጥር ሥር ተቀምጦ ደብተር ያርማል። ጉልበቱን ልይዝ ጎንበስ አልኩ። ክንዴን ይዞ አቆመኝ።
«ይቅርታህን እዚህ ሜዳ ላይ ምን ላርግበት? የተናገርከው እዚያ ነው፤ ሰው ፊት።»
«ያስሩኛል እኮ።»
«እሱን አላውቅም።»
ደወል ተደወለ። ደብተሮቹን ሰብስቦ ገባ።

ታኅሣሥ 11
የውይይት ክበቡ ላይ ተነሣሁ። ካሣዬ ስለ ምርት ዘመቻ እየተናገረ ነበር።
«ግለ ሂስ አለኝ» አልኩ። ደስ አለው።
«ቢያዝን የሚሠራው ሳይንስ ነው። ፕሮቶን መፍረስ አለመፍረሱን ገና ማንም አያውቅም። የሚለየው በልኬት እንጂ በስብሰባ አይደለም። ይህን እያወቅኩ ዋሸሁ። ፈርቼ... ቀንቼም።»
ከሁሉ የከበደችኝ ይህች የመጨረሻዋ ቃል ናት። ያጨበጨበ የለም። ካሣዬ እስክሪብቶውን አወጣ።

የካቲት 3
ዘጠኝ ቀን ቀበሌ ታሰርኩ። ኃላፊነቴን ተነጠቅሁ። አሁን ኮላ ድባ ነኝ፤ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ቢያዝን ግን አሁንም ድብ ባሕር ነው። ኢጣልያም ቀረች። ያበላሸሁትን አላቃናሁም። የጻፍኩለት ደብዳቤም መልስ የለው። አይፈረድበትም።
ዛሬ ሐረገወይን የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።
«መምህር፣ ፕሮቶን ዘላለም ይኖራል?»
«አይታወቅም» አልኩ። «ይፈርሳል ብሎ ዕድሜውን ያሰላ ሰው ግን አለ። ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ አገራችን፣ ድብ ባሕር።»
«ማን ይባላል?»
ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ተማሪዎቹ ጎንበስ ብለው ደብተራቸው ላይ ገለበጡት።