ለሟች የተሰጠ ፈቃድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
ምስር በሩዝ ሠራሁ። ሽንኩርቱ አረረ። የባለቤቴ ወንድም ሹክሪ መጥቶ እንደ ልማዱ ሦስት ሳህን ጠረገ። ወታደሮቹ የወይራ መሬታችንን በግንብ ከከለሉት ወዲህ ያለ ፈቃድ አንገባም። «የወይራው ፈቃድስ?» አልኩት። «ታገሺ፣ የወንድሜ ሚስት፣ ታገሺ።» ትዕግሥት! ይሄ ሰው ሲወለድም እያዛጋ ሳይሆን አይቀርም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
ፈቃዱ መጣ... ለዋጂህ! ለባለቤቴ! ከሞተ ዓመት ከመንፈቁ። ለእኔ ግን «ከመሬቱ ጋር ግንኙነት የላትም።» አርባ ዓመት ሙሉ እዚያ መሬት ላይ ወይራ ስትለቅም የኖረችው ማን ነበረች? ጎረቤት?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ፈቃድ ሰጪው የወታደሮቹ ቢሮ ሄድኩ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ጎረምሳ ቀና ብሎም አላየኝ።
«ባለቤትሽ ራሱ መጥቶ ያመልክትልሽ።»
«መቃብር ነው ያለው።»
«ቀጠሮ ይያዝ።»
እንትፍ! እነዚህ ናቸው የሚገዙን?
ሁለት ዓመት የግንቡን በር አልከፈቱልንም። በሕጋቸው ሦስት ዓመት ያልታረሰ መሬት ይወሰዳል። ዘንድሮ ሦስተኛው ነው...

እሑድ፣ ጥቅምት 9
በሩ ነገ ብቻ ይከፈታል። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ፣ ለሩብ ሰዓት፤ ከሰዓት ደግሞ ለመመለሻ። ቸርነታቸው!
ሹክሪ መጣ። ምግብ አልነካም።
«የዋጂህ ቆብ የት አለ?»
«ምን ሊያደርግልህ?»
«መልካችን አንድ ነው ይባል የለ።»
ሳቅኩበት። ውሻ ሲጮህ በር የሚዘጋ ሰው! ቢይዙትስ? እስር ቤት ነው። ቆቡን ከነፈቃዱ ወረወርኩለት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ከበሩ ሽቦ ወዲህ ቆሜ አየሁት። ወታደሩ ማስቲካ እያኘከ ወረቀቱን አየ፣ ፊቱን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን።
«ስም?»
«ዋጂህ።»
ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። አለፈ።
በሩ ዳግም ሲከፈት፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ተመለሰ። ግማሽ ከረጢት ወይራ ይዟል። እጁ ተጫጭሯል። «የሁሉንም ሥር ኮትኩቻለሁ። ማንም አልታረሰም አይልም» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ፈሪ እያልኩ የሰደብኩት ሰው... ውሃ ሰጠሁት።

አርብ፣ ኅዳር 12
የከርሞው ውሳኔ መጣ። እኔ ተከልክያለሁ። ለዋጂህ ግን ለሁለት ዓመት ታደሰለት! ሞቶም ይበልጠኛል። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ... ምን አባታቸው፣ የሞተን ከቆመ መለየት እንኳ የማይችሉ!
ሹክሪ ቆቡን አጥቦ፣ አጣጥፎ ሊመልስልኝ መጣ።
«ያንተ ነው፤ ከርሞም ትገባበታለህ» አልኩት። «ተቀመጥ፣ ምስር አለ።»
ሽንኩርቱን ዛሬ አላሳረርኩትም።