«ደም ማነስ ነው» የተባሉት መምህርት የሕይወት ታሪክ

ደብተር ከእጃቸው ስለማይለይ ተማሪዎቻቸው «እትዬ ደብተር» የሚሏቸው መምህርት እህታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ኅዳር 12 ቀን 1962 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ነበሩ።

በአሥራ ስድስት ዓመታቸው እናታቸው አረፉ። ለልጆቹ የተነገረው «ሆዷን አሟት ነው» የሚል ነበር። የጡት ካንሰር መሆኑን ያወቁት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ነርስ ሆነው በተቀጠሩበት ሆስፒታል የእናታቸውን ካርድ አስወጥተው ሲያነቡ ነው። ያን ቀን የያዛቸው ንዴት ዕድሜ ልካቸውን አልበረደላቸውም።

በ1988 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘውም በዩኒቨርሲቲ ማስተማርና መመራመር ጀመሩ። ካንሰር የገባበት ቤተሰብ እንዴት ችሎ እንደሚያድር፣ ሴት ልጆቹስ ቀድመው እንዲመረመሩ ምን እንደሚያግዛቸው ለማወቅ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት አንኳኩ። «ሟርተኛ» ብሎ በር የዘጋባቸው ብዙ ነው። ያገኙት ግን ግልጽ ነበር፤ ሕመሙ በተደበቀበት ቤት ልጆቹ የሚመረመሩት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። እኛ የገዛ ቤታቸው ሴቶች እንኳ «ተመርመሩ» ሲሉን «ነገ፣ ነገ» ስንላቸው ኖርን። እሳቸው በየዓመቱ ሲመረመሩ ያለፋቸው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ እሱም በመስክ ሥራ።

አምና ጀርባቸውን ሲያማቸው ሐኪሙ ከጡታቸው ተነሥቶ አጥንታቸው የደረሰ ካንሰር መሆኑን ኮሪደር ላይ ለታላቅ ወንድማችን ነገሯቸው። ወንድማችንም «ለእሷ እንዳይነገራት» አሉ። «ደም ማነስ ነው» አልናቸው። አራት ወር ሙሉ! ይህን የምትጽፈው ታናሽ እህታቸውም አብራ ዋሽታለች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ የሚውጡት ኪኒን ጠብ አልል ሲላቸው ሆስፒታል ሄደው ፋይላቸውን ራሳቸው አወጡ። ሳሎን ሰብስበውን፣ «ካንሰሩስ ሥራውን ነው የሠራው። እናንተ ምን ሆናችሁ ነው?» አሉን።

ወንድማችን «እንዳትደነግጪ ብለን እኮ ነው» ቢሏቸው፣ «የደነገጣችሁት እናንተ! አራት ወራቴን መልሱልኝ!» አሏቸው።

ሳምንት ሙሉ አኮረፉን። በስምንተኛው ቀን የቤቱን ሴቶች በሙሉ ነድተው ምርመራ ክፍል አሰለፉን። በዚያው በወንድማችን ልጅ ጡት ላይ ምስር የምታህል እብጠት ተገኘች። ልጅቱ በጊዜ ታክማ ዛሬ ድና መካከላችን ቆማለች።

እህታችን የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው አረፉ። «ባደረባቸው ሕመም» ብለን እንዳንጽፍ አስምለውናል። ያረፉት በጡት ካንሰር ነው፤ አራት ወራቸውን የወሰድንባቸው ግን እኛ ነን።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት ወንድምና እህቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። ነፍሳቸውን ፈጣሪ ምንም በማይደበቅበት ቤቱ ያሳርፍልን። እኛን ግን ቶሎ አያጽናናን።