ብዙ ሆና የተቆጠረች አንዲት ወንበር

ለክቡር የክልሉ የሥራ ገበያ መረጃ ቢሮ ኃላፊ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ወገብዎን፣ ዐይንዎንና የደም ግፊትዎን ደህና ያድርግልዎ፤ ስብሰባዎ የተቃና፣ መቀመጫዎ የተመቸ፣ መስኮትዎም ከፀሐይ የተከለለ ይሁንልዎ። መስኮቱን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም፤ መጋረጃ ሰፊ ነኝና የቢሮዎ መጋረጃ አንዱ ወገን አጥሮ ከመንገድ ሲታየኝ እጄን ይበላኛል። ሆኖም ዛሬ እርስዎን የማስቸግረው ስለ መጋረጃ ሳይሆን ስለ ታናሽ እኅቴ ነው።

እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ይህች ልጅ ከትንሽነቷ ጀምሮ እኔ ልኬት አውጥቼበት በጣልኩት ወረቀት ጀርባ ላይ ቤት ስትነድፍ ያደገች ናት፤ በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ ብርሃኑ በየት እንደሚገባ፣ ወጥ ቤቱ ከመኝታው ምን ያህል እንደሚርቅ ሳታስብ አንድ መስመር አታሰምርም። ትምህርቷን ስትጨርስ የሕንፃ ንድፍ ልማር አለች። እኔ ደግሞ ማጣትን የማውቅ ሰው በመሆኔ፣ በክልላችን ምን ሥራ እንዳለና ምን እንደሚከፈልበት መጀመሪያ የሚያውቁትን እንጠይቅ አልኳት። የሚያውቁት እናንተ ናችሁ ተባልን። እንግዲህ የተደረገልን ውለታ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብኝ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በቢሮዎ በር ላይ «መረጃው ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ስለ ፊደሉ ውበት አመሰግናለሁ። ከበሩ አልፌ ስገባ ግን ከምሠራበት ድርጅት የድጋፍ ደብዳቤ እንዳመጣ ተነገረኝ። የምሠራበት ድርጅት እኔው ራሴ፣ አንድ የስፌት መኪናና አንድ ጠረጴዛ መሆናችንን ባስረዳ፣ የክፍሉ ሠራተኛ ጥቂት አሰቡና እንግዲያውስ ድርጅቱ ይጻፍ፣ ማኅተም ግን ይኑረው አሉኝ። ማኅተም አስቀረጽሁ። እኔ ራሴን እደግፋለሁ ብዬ ለራሴ ጻፍሁ፣ አተምሁበትም፤ ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀባይነት አገኘ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደግፌ አላውቅም። ከዚያ በኋላ የቀረው መረጃው የተቆለፈበት ቁም ሣጥን ቁልፍ ብቻ ነበር፤ ቁልፉን የያዙት ሰው ደግሞ መረጃን ለሕዝብ ተደራሽ ስለማድረግ በሚሰጥ ሥልጠና ላይ ስለነበሩ፣ ሠልጥነው እስኪመለሱ ድረስ ደጅ ጠናሁ።

፪. በመጨረሻ ዓመታዊ መግለጫው እጄ ገባ። ሽፋኑ ላይ የብረት ቆብ ያደረገ ሰው ይስቃል፤ ምን እንዳሳቀው ያኔ አልገባኝም ነበር። የእኛ ከተማ ገጽ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው ሥራ የምርት ጥራት ተቆጣጣሪ መሆኑ፣ ደመወዙም ከጥሩዎቹ ተርታ መሆኑ በቀይ ተጽፏል። የንድፍ ሥራ ከሁሉ በታች ነው፤ ከጎኑ ዜሮ ተቀምጧል። ለእኅቴ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ሁለት ጊዜ እንድደግምላት ጠየቀችኝና ደገምሁላት፤ ከዚያም «እሺ፣ እትዬ» አለችና ጠረጴዛው ላይ የዘረጋችውን ወረቀት አጣጠፈችው። ያች «እሺ» እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣችም። ብትከራከረኝ በወደድሁ።

፫. ክቡርነትዎ መቼም ትንቢትዎ አልሳተም። የጥራት ቁጥጥር ሠልጥና እንደ ወጣች፣ ባመለከተችበት ዕለት ተቀጠረች። የጫማ ሶል ፋብሪካ ነው። የቀጠራት ሰው የምስክር ወረቀቷን እስከ ታች እንኳ አላነበበውም፤ እኔ ሞኟ ይህን እንደ ክብር ቆጥሬ ሰፈሩን ሁሉ አስደሰትሁ። ሥራዋ ከማጓጓዣው ፊት ባለች አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጣ የተበላሸውን ሶል መለየት ነው። ብዙ ብትጥል ምርት አስተጓጎልሽ ብሎ ፎርማኑ ይጮኽባታል፤ ብታሳልፍ ደግሞ ከደንበኛ ተመልሶ የመጣው ሶል ዋጋ ከደመወዟ ይቆረጣል። ስለዚህ ተቆጣጣሪዋ ቁጭ ብላ የምትመርጠው በጩኸትና በቅነሳ መካከል ነው። አብረዋት የሚሠሩት ስሟን አልጠየቋትም፤ «አዲሷ» ይሏታል፤ ከእሷ በፊት የነበረችውንም፣ ከዚያች በፊት የነበረችውንም እንዲሁ ይሏቸው ነበር። በመሳቢያዋ ውስጥ አንድ ማበጠሪያ፣ ያልተመሳሰሉ የጆሮ ጌጦች፣ ያለቀ የእጅ ቅባትና የመነጽር ቤት አግኝታለች፤ ተቀምጠው የሄዱት ትተዋቸው የወጡ ናቸው። ማበጠሪያውን ለመጣል ጨንቋት ወደ ቤት ይዛው መጣች። እኔ እንኳን ማበጠሪያውን፣ እሷንም የማደርጋት ጠፍቶኝ ነበር፤ ማታ ማታ ትከሻዋን ይዛ ግድግዳ እያየች ትቀመጣለች፤ እርሳስ ከነካች ቆይታለች።

፬. እግሬ አላርፍ ቢለኝ ወደ ቢሮዎ ተመለስሁ። በዚህ ጊዜ ያስተናገደኝ አንድ ወጣት ባለሙያ ነው፤ ወንበር ሰጥቶኝ፣ መዝገቡን ከፍቶ፣ ያለ ድጋፍ ደብዳቤ አሳየኝ። እባክዎ አይቆጡት፤ በዚያ ቤት ያገኘሁት ሰው እሱ ነው። በከተማችን ከሁሉ ይልቅ ተፈላጊ የተባለው ያ ሁሉ የጥራት ተቆጣጣሪ ሥራ፣ ለካ ሥራው አንድ ነው። ያችው የእኅቴ ወንበር ናት። ሴቶቹ ስለማይበረክቱ ፋብሪካው በየጊዜው ማስታወቂያ ያወጣል፤ የእናንተ ሰው ሰሌዳው ላይ ባየው ቁጥር እንደ አዲስ ሥራ ይመዘግበዋል። ደመወዙም ማስታወቂያው ላይ የሰፈረው ነው፤ ተቀጣሪዋ እጅ የሚደርሰውን የጠየቀ የለም። ታዲያ የንድፍ ሥራ እንዴት ዜሮ ሆነ ብዬ ብጠይቀው፣ ነዳፊዎች በትውውቅ ስለሚቀጠሩና የገባው ስለማይለቅ ማስታወቂያ ወጥቶላቸው አያውቅም አለኝ። ከዚያም አንገቱን ደፍቶ፣ «እትዬ፣ እኛ የምንቆጥረው ማስታወቂያውን ነው እንጂ ሰዉን አይደለም» አለኝ።

እንግዲህ እንደ ገባኝ፣ ሰው ሁሉ የሚሸሸው ሥራ በመግለጫዎ አንደኛ ይወጣል፤ የያዘው ሰው የማይለቀው ሥራ ግን ከነጭራሹ የለም። ይህን ያህል የተጣራ ስሕተት በአጋጣሚ አይገኝም፤ ብዙ ስብሰባ ሳይጠይቅ አልቀረምና ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ።

፭. የከተማችን የሙያ ማሠልጠኛ በእርስዎ መግለጫ መሠረት የንድፍ ክፍሉን ዘግቶታል። እኅቴ ሥራውን ትቼ ወደ ንድፍ ልመለስ ብላ ልትመዘገብ ብትሄድ፣ የንድፍ ጠረጴዛዎቹ ወጥተው በቦታቸው የጥራት ተቆጣጣሪ ተማሪዎች ተደርድረው አገኘቻቸው። ሌላ ማሠልጠኛ ያለው በእኔ ስፌት በማይደረስበት ሩቅ ከተማ ነው። የማሠልጠኛው ኃላፊ ያሉኝ አንድ ነገር ነው፤ በሚቀጥለው መግለጫ ከንድፍ ሥራ ጎን ያለው ዜሮ ከተነሣ ክፍሉን እከፍታለሁ፣ ካልተነሣ እጄ ታስሯል።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ናት። አዲሱ መግለጫ ወደ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ይላኩልን። መኪና አያስፈልገውም፤ ፋብሪካው ከቢሮዎ በእግር የሚደረስበት ነው። ገብቶ ወንበሯን ይቁጠራት፣ ተቀማጭዋን ስንት ደረሰሽ ብሎ ይጠይቃት፤ ሲመለስም በየግንባታው ቦታ ያሉትን ነዳፊዎች አንድ ሁለት ብሎ ይጻፍ። ማስታወቂያ ስላልተለጠፈላቸው የሌሉ አይምሰሉት፤ ሥራ ላይ ስለሆኑ ነው።

ቁጣ የሚገኝበት ጉልበት ቢኖረኝ በቁጣ እጽፍልዎ ነበር። ደክሞኛል፣ ክቡር ሆይ። እኅቴ ልጅነቷን የሰጠችኝ እኔን አምና ነው፤ እኔ ደግሞ ያመንሁት እርስዎን ነው።

ዕድሜና ሹመት እንዲጨምርልዎ፣ ቁጥርዎም ሳይጎድል ከዓመት ዓመት እንዲያድግልዎ እየተመኘሁ፣ በመግለጫዎ ገጽ ላይ ያልተገኘሁት፣ ራሴን በራሴ ማኅተም የምደግፈው፣

እጅ ነሺዎ
መጋረጃ ሰፊዋ

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው እኅቴ ሥራውን ለቀቀች። ማስታወቂያው በማግስቱ ተለጥፏል፤ የእርስዎም ሰው ደብተሩን ይዞ ሲጽፍ በዐይኔ አይቼዋለሁና ሥራ በአንድ ስለጨመረልን እንኳን ደስ አለዎት። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ልጇን ልታስቀጥር ስትነሣ፣ ሁሉንም ነገር ቁጭ ብዬ ነገርኋት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፣ «ለአንቺ እኅት ሲሆን መልካም የነበረው ለእኔ ልጅ ሲሆን ነው የከፋው?» አለችኝ። መግለጫዎን በእጇ ይዛው ነበር። ልጅቱ ትናንት መጥታ የእኅቴን ነጭ የሥራ ጋዋን ተዋሰች፤ ረዝሟት ስለነበር ከታችም ከእጅጌውም አሳጠርሁላት። ትርፉን ጨርቅ ግን አልቆረጥሁትም፤ ከእሷ ቀጥላ የምትመጣው ረዘም ያለች ብትሆንስ ብዬ ወደ ውስጥ አጥፌ ሰፋሁት።