በራችን ላይ ስለተሰቀለው ድምፅ ማጉያ

ለአሮጌው ሰፈር የቅርስና የጎብኚዎች ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ኃላፊ፦

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎንም፣ ምክትልዎንም፣ ሰፈራችንን በጎበኙ ቁጥር ከኋላዎ ራሳቸውን እየነቀነቁ የሚከተሉዎትንም ሁሉ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልቤ እመኛለሁ። ጆሮዎን ግን ለብቻው እመርቀዋለሁ፤ ዛሬ የምጽፍልዎ ከጆሮ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነውና ደህና ሆኖ ቢቆየኝ እወዳለሁ።

እኔ ከእንግዳ ማረፊያው ፊት ለፊት ባለው የመዳብ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ይሠራ የነበረው አንጥረኛ ሚስት ነኝ። ሚስቱ ነበርኩ ብዬ መጻፍ እንደሚገባኝ አላጣሁትም፤ ባሌ ክረምቱ ሳይወጣ ሞቷል። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከበራችን በላይ ያሰቀሉት ድምፅ ማጉያ ይውረድልን። በየጠዋቱ ከውስጡ የሚወጣው የመዶሻ ድምፅ የሟቹ ባሌ ነው። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በቅደም ተከተል አስረዳለሁ፤ እግረ መንገዴንም ለጽሕፈት ቤትዎ የሚገባውን ምስጋና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጸጥታው አመሰግናለሁ። የእንግዳ ማረፊያው ደንበኞች እንቅልፋቸውን እንዳያጡ በመጨነቅ በሰፈሩ ውስጥ መዶሻ እንዳይነሣ የሚከለክለው መመሪያዎ በራችን ላይ በተለጠፈ ጊዜ፣ ባሌ መነጽሩን አድርጎ ደጋግሞ ካነበበው በኋላ ለሌላ ሰፈር የተጻፈ ወረቀት በስህተት እኛ ቤት የተለጠፈ መስሎት በጥንቃቄ ልጦ ሊመልስላችሁ መጣ። መዳብ ያለ መዶሻ እንደማይሠራ ለማስረዳትም ቢሯችሁ ደጅ ስንት ቀን ተመላለሰ፤ በመጨረሻ አንዲት ትሁት ሠራተኛችሁ፣ «አባባ፣ ቀስ አድርገው ቢመቱትስ?» ብላ መከረችው። ይህን ሲነግረኝ ሆዱን ይዞ ነበር የሳቀው። ነገሩ የምር መሆኑ የገባው ዘግይቶ ነው።

ሁለተኛ፣ ጸጥታው ለገበያ እንደማይመች ፈጥነው ስለተረዱ አመሰግናለሁ። እውነትዎን ነው፣ ሰው አሮጌ ሰፈር ድረስ መጥቶ ለዘመዱ ስጦታ ሲገዛ የመዶሻ ድምፅ ካልሰማ የያዘው ዕቃ የእጅ ሥራ አይመስለውም። ስለዚህ ባለሙያ ልከው የባሌን የመዶሻ ድምፅ አስቀረጹ። ነፍሱን ይማረውና እንዴት ደስ ብሎት ነበር! ክልከላው ሊነሣለት መስሎት ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ፣ ባለሙያው «ጋሼ፣ ትንሽ ጠንከር ያድርጉት» ባለው ቁጥር ጠንከር እያደረገ፣ በጅምር የቀረበትን ትልቅ የውሃ ገንዳ ጠዋቱን ሙሉ ሲቀጠቅጥላቸው ዋለ። ሰውዬው ገመዱን ጠቅልሎ ሊሄድ ሲል ባሌ፣ «እንግዲህ ነገ ሥራ እንጀምር?» አለው። በነጋታው የተሰቀለው ግን ድምፅ ማጉያው ነው። የአንጥረኛ መዶሻ የሚረብሻቸው እንግዶች የድምፅ ማጉያው መዶሻ ለምን እንደማይረብሻቸው ጠይቄ፣ ቁርሳቸውን በልተው ሲጨርሱ እንደሚከፈትና ድምፅ መቀነሻ እንዳለው ተነግሮኛል። ባሌ ድምፅ መቀነሻ አልነበረውም፤ ጥፋቱን አምኜ ተቀብያለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ልብሱና ስለ ዕቃው። በዚህ ሰፈር አባቱም አያቱም ለብሰውት የማያውቁትን፣ በሚያብረቀርቅ ክር የተጠለፈ ሰደርያ አሰፍተው ለባሌ አልብሰው፣ መዶሻ አስይዘው መስኮቱ ሥር አስቀመጡት፤ መዶሻውን ከፍ እንዲያደርግ ተፈቅዶለታል፣ ማሳረፍ ግን ክልክል ነው። መደርደሪያችን ባዶ እንዳይሆንም ማንቆርቆሪያና ትሪ በካርቶን እያሳሸጉ በጭነት መኪና አስመጡልን። ቢገለብጧቸው ሁሉም በአንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ጭረት አላቸው። «በእጅ የተሠራ» የሚለውን ወረቀት ግን እኔው ራሴ በእጄ ነው የምለጥፈው፤ ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ ዋሽቷል የሚል ሰው ቢመጣ ልመሰክርልዎ ዝግጁ ነኝ።

አንድ ቀን አንዲት ወጣት ለምታገባ እህቷ ስጦታ ልትገዛ መጣች። ከእናቷ ቤት የቀረ ማንቆርቆሪያ ይዛ ነበር፤ ባሌ ከእጀታው አያያዝ የራሱ የድሮ ሥራ መሆኑን አወቀው። «ለእህቴ ልክ እንደዚህ ያለ ይሥሩልኝ፣ እናታችን ሰርጓን ሳታይላት ሞታለች» አለችው። መዶሻ እንዳያሳርፍ እንዲጠብቀው የመደባችሁት ተቆጣጣሪ ከጎኑ ቆሞ ስለነበር ባሌ መዶሻውን ጭኑ ላይ አድርጎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ልጅቷ የናቃት መስሏት ፊቷ ቀላ፣ ከካርቶኑ ዕቃ አንዱን አስጠቅልላ ወጣች። ያን ዕለት ባሌ እህል አልቀመሰም።

አራተኛው ምስጋናዬ ለዚሁ ተቆጣጣሪ ንቁ ጆሮ ነው። ባሌ ልጅቷን አፈላልጎ በድብቅ ሊሰጣት አስቦ፣ ጓዳ ውስጥ መዳብ የሚቀጠቅጥበትን መስፍ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ፣ መዶሻውን በአሮጌ ሹራብ ጠቅልሎ፣ እኔን በር ላይ ዘብ አቁሞ ማንቆርቆሪያውን ጀመረው። ሽማግሌ ሰው በገዛ ጓዳው እንደ ሌባ ተሸሽጎ ሲሠራ ማየት ምን እንደሚመስል ካላዩት አልነግርዎትም። ማንቆርቆሪያውን አንገቱ ድረስ አድርሶት ነበር። ተቆጣጣሪው ገብቶ መዶሻውንም መስፉንም ለኤግዚቢሽን ይፈለጋሉ ብሎ ወሰዳቸው፤ በምትኩ ከእንጨት የተሠራ፣ መዳብ የሚመስል ቀለም የተቀባ መዶሻ ሰጠው። ባሌ እሱን ይዞ ሁለት ወር ያህል ተቀመጠና አልጋ ላይ ዋለ። ሐኪሙ ሳንባው ነው አለ። ከሐኪም ጋር አልከራከርም፤ ግን ጣቶቹ እስከ መጨረሻው የአልጋውን ጠርዝ ይመቱ ነበር፣ እሱን ደግሞ እኔ ነኝ ያየሁት።

አምስተኛ ብዬ ቁጥር ልሰጠው ያልቻልኩት ነገር አለ። ባሌን በቀበርንበት ቀን ሬሳው ቤት ውስጥ ሳለ ድምፅ ማጉያው በሰዓቱ ተከፈተ። ለቅሶ የመጣው ሰው፣ «ሬሳ ባለበት ቤት ማን ነው እንዲህ የሚቀጠቅጠው?» ብሎ ተቆጣ። ሟቹ ራሱ ነው ልበላቸው? ወንድሜ ሮጦ ቢለምናችሁ ለአንድ በር ተብሎ የመንገዱ ሁሉ ድምፅ አይዘጋም ተባለ። አፈር ያለበሱትም ሰዎች ሲመለሱ መዶሻው አላቋረጠም ነበር።

አማቴ አብረውኝ ይኖራሉ። ዓይናቸውም ልባቸውም ደክሟል፤ የልጃቸውን ቀብር ረስተውታል። ጠዋት ድምፁ ሲጀምር ፊታቸው ይፈካና፣ «ልጄ ሥራ ገባ፤ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ፣ ውሃ አድርሺለት እንጂ!» ይሉኛል። ሲዘጋ ደግሞ የት እንደሄደ ይጠይቁኛል። መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን እነግራቸው ነበር፤ እሳቸውም አዲስ መርዶ ነውና ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ፣ በማግስቱ ድምፅ ማጉያዎ ልጃቸውን ከመቃብር አውጥቶ ያመጣላቸዋል፣ አመሻሹ ላይ እኔ መልሼ እገድልባቸዋለሁ። አሁን ዕቃ ሊያደርስ ሄዷል እያልኩ እዋሻቸዋለሁ። ውሃውንም እወስዳለሁ፣ ክቡር ሆይ። ብርጭቆውን ባዶው ወንበር አጠገብ አስቀምጬ፣ ጎብኚዎቹ ፎቶ እስኪያነሡት ጠብቄ እመለሳለሁ። ደክሞኛል፣ ተናድጃለሁም፤ ይህን በትህትና የምጽፍበት ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

እንግዲህ ድምፅ ማጉያው እንዲወርድልን እየለመንኩ፣ መዶሻም ለቅሶም በማይደርስበት ከፍ ያለ ቢሮዎ ረጅም ዕድሜና የሰመረ እንቅልፍ እንዲሰጥዎ በመመኘት፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ።

የመመሪያዎ ታዛዥ፣ የካርቶን ዕቃዎችዎ ለጣፊ፣
የአንጥረኛው ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ላሽገው ስል ተቆጣጣሪዎ ብቅ ብሎ የምሥራች ነገረኝ። ድምፅ ማጉያው አይወርድም፤ ሆኖም በመዶሻው መሃል አልፎ አልፎ የሚሰማው ሳል ገበያተኛውን ደስ ስላላሰኘው፣ ሳሉ በባለሙያ ተቆርጦ ይወጣል። በቀረጻው ቀን ያንን ሳል የሰማ ሰው ከመካከላችሁ አለመኖሩን አሁን አወቅሁ። መልካም፣ ቁረጡት። የተቆረጠውን ግን እንዳትጥሉት፣ ለእኔ ላኩልኝ። መዶሻውን የመታው እናንተ ምታ ብላችሁት፣ ጠንከር አድርግ ብላችሁት ነው፤ ይሁን፣ የእናንተ ይሁን። ሳል ብሎ ያዘዘው ግን የለም፤ እሱ የባሌ ነው።