ሰው ሲያቃጥል የእኔ የሆነው ውሃ

አባዬ፣

ነገሩ የተበላሸው ወንድሜ ዮናስ የክሎሪኑን ዱቄት ሳይለካ፣ ሳያሟሟ፣ ባልዲውን እንዳለ ግቢያችን ባለው የጥምቀት ገንዳ ውስጥ የገለበጠው ጊዜ ነው። እሁድ ጠዋት ነበር፤ ተጠማቂዎቹ ነጭ ለብሰው ሳሎናችን ውስጥ እየዘመሩ ነበር። አንተ ከተለየኸን ስድስት ወር ሞልቶ ነበር።

ክረምቱ ውሃውን አረንጓዴ አድርጎት ነበር። ቅዳሜ ስለካው አሲድነቱ ከልክ ወጥቷል። የፓምፑን ክፍል ቁልፍ ከቀብርህ ማግስት ጀምሮ የያዘው ዮናስ ስለሆነ እሱን ለመንኩት፦ መጀመሪያ አሲድነቱ ይስተካከል፣ ከዚያ ክሎሪኑ በልኩ ይግባ፣ ፓምፑ ሁለት ቀን ይሥራ፣ ጥምቀቱ ለሳምንት ይተላለፍ። “ኬሚስትሪሽን ለፈተና አስቀምጪው፤ ሰው ተጠርቷል” ብሎ ሳቀብኝ።

ባልዲውን ሲገለብጥ በኩሽናው መስኮት አየሁት። ሮጬ ወጥቼ “አትግቡ!” ብዬ ጮህኩ። እሱ ወደ ሰዉ ዞሮ “ተዉአት፣ ከአባቴ ሞት ወዲህ እንዲህ ያደርጋታል” አለ። አንገታቸውን በሐዘኔታ ነቀነቁልኝና ገቡ። ሰባት ሰው። ያልሟሟው ዱቄት የተኛው ልክ እነሱ የሚቆሙበት ወለል ላይ ነበር። ዓይናቸው ደም መሰለ፣ ውስጥ እግራቸው ተላጠ። አንዲት እናት ዛሬም ጫማ ማድረግ አልቻሉም።

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሲመጡ ዮናስ ምን አለ መሰለህ? “ውሃውን የምትለካው እሷ ናት።” ስንት ዓመት ሙሉ የዮናስ ሲባል የኖረ ውሃ፣ ሰው ሲያቃጥል የእኔ ሆነ።

ዮናስን ይህን ያስተማርከው አንተ ነህ። ሞተሃል ብዬ አልደብቅልህም።

አንተ ውሃ የምትለካው በአፍንጫህ ነበር። ክሎሪን ክሎሪን ካልሸተተ አልጸዳም ትል ነበር። ያ ሽታ የሚመጣው ክሎሪኑ ከሰው ላብ ጋር ሲዋሃድ እንደሆነ፣ የሚሸት ውሃ የደከመ ውሃ እንደሆነ ያስረዳሁህ ቀን፣ ከነኮትህ ተንበርክከህ አሸተትክና “እንግዲህ አስተማሪዬ አንቺ ነሽ” አልከኝ። ከዚያ ቀን የበለጠ ወድጄህ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ግን ከቀራንዮ ሰፈርም ከሳንሱሲ ሰፈርም የመጡ እንግዶች ግቢያችንን ሞልተው የውሃውን ጥራት ሲያደንቁ “ዮናስ ነው የሚያየው” አልካቸው። መመርመሪያው ወረቀት እጄ ላይ ነበር። አጠገብህ ቆሜያለሁ። ማታ ስጠይቅህ “ሴት ልጅ በጥምቀቱ ውሃ ላይ ታዛለች ሲባል ሽማግሌዎቹ ደስ አይላቸውም፤ ነገር አታክርሪ” አልከኝ። አላከረርኩም። ስላከበርኩህ ዝም አልኩ፤ ዮናስ ዛሬ የተደገፈው ያንን ዝምታዬን ነው።

አሁን ቤትህ እንዲህ ሆኗል። ገንዳው በሸራ ተሸፍኗል። ዮናስ ቀና ብሎ አያየኝም። እማዬ ሁለታችንንም ላለማጣት “ተዪው፣ ወንድምሽ እኮ ነው” እያለች ትለምነኛለች። ሽማግሌዎቹ ደግሞ በመጪው እሁድ ጉባኤው ፊት ቆሜ ይቅርታ እንድጠይቅ ወስነዋል። “ትሕትና ነው ልጄ፣ ምን ይጎዳሻል?” አሉኝ። የተቃጠሉትን ሰዎች በየቤታቸው ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ አብሬያቸው አልቅሻለሁ። ያ ሌላ ነው። ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ ማለት ግን ትሕትና አይደለም፤ ውሸት ነው። ያውም በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ሰው የሚያቃጥል ውሸት፤ ዮናስ ምን እንዳጠፋ ካልተነገረው ደግሞ ያደርገዋላ!

አልረሳህም፣ አባዬ። መንበርከክህንም፣ እኔን መካድህንም አስታውሳለሁ፤ አንዱን ለሌላው ስል አልፍቅም። እሁድ እቆማለሁ። የምናገረው ግን ያየሁትን ነው፤ አንተ በሕይወት ሳለህ ልትናገረው ይገባህ የነበረውንም እጨምርበታለሁ። ወንድምሽን አዋረድሽ ይሉኛል። ይበሉ። ከእንግዲህ ለማንም ክብር ሲባል ዝም በይ መባልን አልቀበልም፤ ከሽማግሌም፣ ከእናቴም፣ ከአንተም ከመቃብርህ።

ልጅህ