በሙሽሮቹ ቪዲዮ ውስጥ

ውድ ወንድሜ አለምሰገድ፣

ስምህን እንደ ሕያው ሰው ስም ከጻፍኩት ስድስት ዓመት አልፎኛል። በየዓመቱ ለቤተ ክርስቲያን በምሰጠው የሙታን ዝርዝር ላይ ነበር የምጽፍህ፤ አብሮህ ከወጣው ከጎረቤታችን ከእትዬ ጤናዬ ልጅ፣ ከሊዑል ስም በላይ።

እንዴት እንዳገኘሁህ ልንገርህ። እዚህ የምሠራው ዴንቨር ውስጥ፣ ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር የሚኖሩ ሚስ ዶሮቲ የሚባሉ አሮጊት በመንከባከብ ነው። ባለፈው ማክሰኞ የልጅ ልጃቸው ሄዘር ከጫጉላ ሽርሽር ተመልሳ ልታያቸው መጣች። ስልኳን ቴሌቪዥኑ ላይ ኮኔክት አድርጋ ፎቶ ታሳየን ጀመር። አንድ ሳምንት ሳፋሪ፣ አንድ ሳምንት ባሕር ዳር። ቁርስ ሲበሉ ዝሆኖች ከፊታቸው ሲያልፉ፤ አሸዋ ላይ የተዘጋጀ፣ ነጭ አጎበር የተዘረጋበት አልጋ፤ ለሁለት ሰው ብቻ የተሠራ መዋኛ።

«የት ነው ይሄ ሁሉ?» አሏት አያቷ።

«ሞዛምቢክ! ማንም የማያውቀው አገር እኮ ነው። ሰው ሁሉ የሚሄደው ኬንያ ነው። እዚያ ግን ማንም የለም፤ ባሕሩ በሙሉ የእኛ ነበር።»

እኔ የዚያን አገር ስም በደንብ አውቀዋለሁ። የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚህ የምኖርበት ኦሮራ የሚያውቁኝ ሰዎች ተሰብስበው መጥተው፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ የምትሄዱበት የጭነት መኪና ውስጥ ሞዛምቢክ ላይ ታፍናችሁ አልቃችኋል ብለው ሲያረዱኝ የሰማሁት ስም ነው።

ከዚያ ቪዲዮ ከፈተች። ከጀልባ ስትወርድ ማዕበሉ ያንገዳግዳትና ትጮኻለች። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ክንዷን ይዞ፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላታል።

«ሳም ነው ስሙ። ይቺን ቃል ሁልጊዜ ነበር የሚለኝ፤ ፖርቱጊዝ መሰለኝ» ብላ ሳቀች ሄዘር።

የያዝኩት የመድኃኒት ሣጥን ከእጄ ወደቀ። እንክብሉ ምንጣፉ ላይ ተበተነ።

«ድገሚው» አልኳት። ደገመችው። «እባክሽ፣ አንዴ ድገሚው።»

በሦስተኛው ፊትህን ወደ እኛ ስታዞር አየሁህ። ወፍረሃል። ፀጉርህ ከፊት ሸሽቷል። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሚስ ዶሮቲ ከዊልቸራቸው ጎንበስ ብለው ትከሻዬን ያዙኝ። «ማነው?» ሲሉኝ፣ «የሞተው ወንድሜ ነው» አልኳቸው።

ደስታ መቅደም ነበረበት፤ አልቀደመም። እውነቱን ልጻፍልህ፣ ከድንጋጤው ቀጥሎ የመጣብኝ ንዴት ነው። እማዬ ጥቁር ከለበሰች ስድስት ዓመቷ፤ አንተ ሙሽሮችን ደግፈህ ከጀልባ ታወርዳለህ!

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ሃቫና ስትሪት ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ ሄዘር ወደ ሰጠችኝ፣ ሙሽሮቹ ወዳረፉበት ሎጅ ስልክ ቁጥር ደወልኩ። ሳምን ስጠይቅ እንግዳ ተቀባይዋ ጠራችህ። «ሄሎ» አልክ።

«አለሜ፣ ትህትና ነኝ።»

ትንፋሽህ ይሰማኛል። «እማዬ አለች?» አልክ።

«አለች። የት ነበርክ አንተ? እንዴት እንደዚህ…»

«ሊዑልን ይዤው የወጣሁት እኔ ነኝ። ለእትዬ ጤናዬ ምን ልበላቸው?» አልክና ዘጋኸው።

ደግሜ ስደውል ሴትየዋ «ማነጋገር አይፈልግም» አለችኝ። ኢሜይል ካደረግሽልኝ ግን አትሜ በእጁ እሰጠዋለሁ ብላኛለች። ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

ከእማዬ ልደብቀው ሞክሬ አንድ ቀን እንኳ አልቻልኩም። አገር ቤት ደውዬ ያልከኝን ሁሉ ስነግራት እልል አላለችም፣ አላለቀሰችምም።

«በድምፁ ነው ያወቅሽው ወይስ በመልኩ?»

«በሁለቱም።»

«በይ ነጠላዬን ልልበስ» አለች።

እትዬ ጤናዬ ጋ ልትሄድ መሆኑ ሲገባኝ፣ «እማዬ ተይ፣ ትንሽ እንቆይ» ብዬ ለመንኳት።

«ስድስት ዓመት አብረን ነው ያለቀስነው። አሁን ብቻዬን ተደብቄ ልደሰት?» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ በእማዬ ቁጥር ተደወለ። ያነጋገሩኝ ግን እትዬ ጤናዬ ነበሩ።

«ትህትና፣ ወንድምሽ አለ አሉኝ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እኔን ፈርቶ ነው አሉ የጠፋው። ልጄን ለምን ወሰድከው አልለውም። ካልሄድኩ ብሎ ያስቸገረኝ ሊዑል ራሱ ነው፤ ስንቁን የቋጠርኩለትም እኔው ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ።»

«ምን ልጠይቅልዎት?»

«መጨረሻው ላይ ውሃ አግኝቶ ነበር?»

አለሜ፣ «እጠይቀዋለሁ» አልኳቸው። እንዴት ከዚያ መኪና እንደወጣህ አላውቅም። ምን ይዘህ እንደኖርክም አላውቅም፤ ልፈርድብህም አልችልም። ግን ለእሳቸው የሚመልስላቸው ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንተ ብቻ ነህ። ጠጥቶ ከሆነ ጠጥቷል በላቸው። ካልጠጣም እውነቱን ንገራቸው፤ አብረሃቸው አልቅስ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ እናቶች አንድ ቤት ናቸው። ስልኩን በመሃላቸው አስቀምጠው ተቀምጠዋል።

ድንጋጤዋ ገና ያልለቀቃት እህትህ፣
ትህትና
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ